የሰው አገር በዓል ሸኚ

አገር ቤት ሳለ ንግሥ ላይ ዝር የማይል፣ ባሕር ሲሻገር ግን የበዓል አዛዥ የሚሆን ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ የኢንጅባራው ልጅ ጣሊያን አገር ስማር አጋጥሞኛል። ጌታነህ ይባላል፤ የዳንግላ ልጅ ነው።

የምንማርባት ከተማ ቅዱስ ሲነግሥ ሰዎቹ ምስሉን ተሸክመው ዞሩ። ጌታነህ ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ ከፊት ተሰለፈ። መንገድ ላይ ሕዝቡ አይስክሬም ቤት ገብቶ ቀረ፤ እኔም አንድ ገዛሁ።

"ታቦት ሳይገባ ወዴት ነው?" ብሎ ጮኸባቸው፤ ያውም በአማርኛ። ታቦት እንዳልሆነ ብነግረው ማን ሰምቶኝ!

ተሸካሚዎቹም ሲደክማቸው ምስሉን ባጃጅ በመሰለች ባለ ሦስት እግር መኪና ጫኑት። ጌታነህ ዳገቱን በሩጫ ተከተላት። እኔም ይሉኝታ ይዞኝ፣ አይስክሬሜ እጄ ላይ እየቀለጠ፣ ተከተልኩት። ቅዱሱ ቤተ ክርስቲያኑ እስኪገባ ድረስ ከኋላው አልተለየንም።

ጌታነህ እዚያው ደጃፉ ላይ ቆሞ ወደ ዳንግላ ደወለና ገድሉን ለእናቱ ተረከ። ድምፃቸው ለእኔም ይሰማል።

"ጎሽ የኔ ልጅ!" አሉት። "የሰፈራችንን ሚካኤልስ አንድ ቀን እንኳ እስከ ደጁ ሸኝተኸው ታውቃለህ?"

ጌታነህ ላቡን ጠረገና ቆፍጠን ብሎ መለሰ፦

"እማዬ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው!"