ሐጅ ሳይገባ ይደርቃል የተባለው ዋንዛ

ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ፣ ሰው ገና አንዴ ሲያስለው የቀብሩን ቀን የሚነግር አንድ አዋቂ አይጠፋም። መካ፣ ኩዳይ ሰፈር ምግብ ቤት ላላት ለዘይነብ የደረሷት ክቡር ዶክተር ፉኣድ ናቸው፤ እሳቸው ሞት የሚተነብዩት ግን ለዛፍ ነው።

ዶክተሩ ጅዳ ተቀምጠው የሚያጠኑት አንድ ነገር ነው፦ ድርቅ ሲበረታ የትኛው ዛፍ አገሩን እንደሚለቅ፣ የትኛው እንደሚቆይ፣ ከቅጠሉና ከእንጨቱ ጠባይ አስቀድሞ ማወቅ። በየጁምዓው ለሐረም ሶላት ሲመጡ ዘይነብ ቤት ምሳ ይበላሉ። መብላቱስ ባልከፋ። ቅጠል ይዘው ይመጣሉ! በበርበሬ ሚዛኗ ይመዝኑታል፤ ፉርኗ ውስጥ ከዳቦው ጎን ከትተው ያደርቁትና እንደገና ይመዝኑታል። እንጨቱ ምን ያህል ጥቅጥቅ እንዳለ ለማወቅ ቅርንጫፉን የሚነክሩት ደግሞ በጭማቂ ጆጓ ውስጥ ነው።

«ዶክተር፣ ደንበኛ ዳቦው ውስጥ ቅጠል አገኘሁ ብሎ መለሰብኝ እኮ!»

«ቅጠሉ ይናገራል፣ ዘይነብ» ይሏታል። ለሁሉም መልሳቸው ይቺው ናት።

ነገሩ የከረረው በዋንዛዋ ሲመጡባት ነው። ከከሚሴ ባመጣችው ዘር አብቅላ በሯ ፊት የተከለችው ነው፤ የቀን ሥራ ሲጠብቁ ፀሐይ ላይ ቆመው የሚውሉት የአገሯ ልጆች ጥላ እንዲያገኙ። ዶክተሩ ቅጠሉን በማስመሪያ ለኩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሰፊና ስስ ነው፤ ውኃ ያባክናል። እንጨቱም ቀላል ነው። እንዲህ ያለው ድርቅ ሲመጣ ቆላውን ለቆ ወደ ጣኢፍ ተራራ ነው የሚሸሸው።»

«ዛፍ በምን እግሩ?»

«ዘሩ ነው የሚሄደው። ታች ያለው ይደርቃል፣ ከፍ ብሎ የወደቀው ይበቅላል።»

«ዛፉም የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው ሊያልቅበት ነው በሉኛ!» አለ ከቀን ሠራተኞቹ አንዱ፣ ሰዒድ፣ ከበር ላይ።

ዶክተሩ አልሳቁም። ከዋንዛው አጠገብ ግራር ተከሉና ለሁለቱም በሳምንት አንድ አንድ ጆግ ውኃ ብቻ ፈቀዱ። «ጠብታ ብትጨምሪ ጥናቴ ከንቱ ነው። ግራሩ ይቆያል። ዋንዛው ሐጅ ሳይገባ ይደርቃል፤ ኸላስ።» ዘይነብም በንዴት «ወላሂ አልጨምርም!» ብላ ማለች።

ሙቀቱ ገባ። ዋንዛው ጆሮውን ጣለ። ዶክተሩ በየሳምንቱ ጎንበስ ብለው «እንዳልኩት ነው» እያሉ ሲጽፉ፣ ዘይነብ ማስታወሻቸውን ከነእስክሪብቶው ፉርኑ ውስጥ መክተት ያምራታል።

አንድ ጁምዓ ጠዋት ግን አልቻለችም። «መሐላዬን ስላፈረስኩ አሥር ሚስኪን አበላለሁ» ብላ ጀሪካን አንጠልጥላ በሩን ገፋ ስታደርግ፣ ክቡር ዶክተሩ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ግራ ቀኝ እየቃኙ፣ ከመኪናቸው ያወረዱትን ጀሪካን ዋንዛው ሥር ያንቆረቁራሉ። ለግራሩ ጠብታ አላካፈሉትም። በሩን ቀስ አድርጋ መለሰችው።

ሐጅ ገባ፣ ወጣ። ዋንዛው አዲስ ቅጠል አቆጠቆጠ። «ዶክተር፣ ሟቹ እንዴት ዋሉ?» እያለ ይተርባል ሰዒድ። ዶክተሩ በምሳ ሰዓት ማስመሪያቸውን ይዘው ማስረዳት ጀመሩ። «ሥሩ ጠልቆ ይሆናል... ብቻ ከትንበያዬ ጋር አልገጠመም። ቅጠሉ ግን...»

«ይናገራል» አለች ዘይነብ፣ ጆጉን ሞልታ እያቀበለቻቸው። «ዶክተሩ ዛሬ ሳያጠጡኝ ሶላት ሄዱ እያለ ነው።»

ዶክተሩ ጆጉን ይዘው፣ ግራ ቀኝ ሳይቃኙ ወደ ዋንዛው ወጡ። ዘይነብም ዳቦዋን ገፋ ገፋ አድርጋ፣ ፉርኑ ውስጥ ለቅጠላቸው ቦታ አበጀች።