ክቡር ምስክር እና ሦስተኛው አምድ

ጦርነት ያለፈበት አገር ሁሉ የሰነድ ቤት አለው፤ የሰነድ ቤት ሁሉ ደግሞ «እዚያ ነበርኩ» የሚል አንድ ሽማግሌ አለው። ማንም አልጠራው፣ ማንም አልቀጠረው፤ ብቻ በሩ ሲከፈት ደጃፉ ላይ ቆሞ ይገኛል። ወረቀት የማያምን ሰው ነው፤ ግን ዕድሜውን የሚጨርሰው ወረቀት ውስጥ ነው።

የዚህኛው ሰነድ ቤት ሽማግሌ «ክቡር ምስክር» ይባላሉ። ማዕረጉን ያወጣላቸው የፎቶ ኮፒ ሠራተኛው ሲሆን ያጸደቀችው የንባብ ክፍሉ ሰነድ ጠባቂ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ አበሳዋን ያየችው እሷ ስለሆነች፣ የማጽደቅ ሥልጣኑ ይገባታል።

ክቡርነታቸው ከፋይል ጋር ይጣላሉ። አንድ ጄኔራል በማስታወሻው «ዝናቡ ጥቃታችንን አዘገየው» ብሎ ቢጽፍ፣ ያን ሰሞን አንዲት ጠብታ እንኳ ጠብ እንዳላለች፣ የዘገየው ጄኔራሉ ራሱ እንደሆነ ለክፍሉ ሁሉ ያስረዳሉ። «ወታደሮች በድል ማግስት ሲስቁ» የሚል ፎቶግራፍ ቢያዩ፣ አልሳቁም፣ ፀሐይ ዓይናቸውን ወግታቸው ነው ይላሉ። ስለ ጦርነቱ አራት መቶ ገጽ የጻፈ አንድ ዶክተርማ፣ እርጥብ የወታደር ጫማ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ጠይቀው ስላፋጠጡት፣ ከዚያ ወዲህ የሚቀመጠው የመጨረሻው ጥግ ላይ ነው። ይበልጥ የሚያናድደው ደግሞ ብዙ ጊዜ ልክ መሆናቸው ነበር።

በደንቡ ፋይል ላይ መጻፍ ክልክል ነው። ስህተት አየሁ የሚል አንባቢ «የማስተካከያ ወረቀት» የምትባል መዳፍ የምታክል ቅጽ ይሞላል፤ ሰነድ ጠባቂዋ ማኅተም ካደረገችባት ፋይሉ ውስጥ ትገባለች። ቅጿ ሦስት ነገር ትጠይቃለች። ስህተቱ ምንድን ነው? ትክክሉስ? እንዴት ሊያውቁ ቻሉ? የመጨረሻውን ክቡር ምስክር ሁልጊዜ በአንድ ቃል ይመልሱታል፦ «ነበርኩ»።

ይህ ሁሉ ግን የጊዜ ማሳለፊያ ነው። የመጡበት ጉዳይ አንድ ነው፤ በየጠዋቱ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁትም እሱኑ ነው፦ የሦስተኛው ሻለቃ የጎደሉ ሰዎች መዝገብ። ከወንዙ ማዶ በተደረገው ውጊያ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ሳይከዱ «ከዳ» ተብለው ተጽፈዋል፤ ሳልሞት ላስተካክል ይላሉ። መልሱም በየጠዋቱ አንድ ነው፦ አልተገኘም።

መዝገቡ ያልተገኘው ሰነድ ጠባቂዋ ሰንፋ አይደለም። ምድር ቤቱ ውስጥ ገና ያልተመዘገቡ ስድስት መቶ ሳጥኖች አሉ፤ የተደረደሩት ደግሞ ወረቀቱን በጻፈው ሳይሆን መጨረሻ ላይ በተቀበለው ቢሮ ነው። ማን ጋ እንደተላከ ያላወቀ ሰው ዕድሜ ልኩን ቢፈልግ አያገኘውም። ይህን ስንት ጊዜ አስረድታቸዋለች። እሳቸው በመስኮቱ ወደ ውጭ ይመለከታሉ። እሷ የሦስተኛው ሻለቃ ስም ያለበትን ሳጥን ሁሉ ስታገላብጥ አቧራው ሳል አስይዟታል።

በዚህ ዓመት ከበላይ ደብዳቤ መጣ። ያልተመዘገበ ሳጥን ሁሉ በአሥር ቀን ውስጥ ከከተማ ውጭ ወዳለ መጋዘን ይሄዳል፤ መዝጋቢ ሠራተኛ እስኪቀጠርም ታሽጎ ይቆያል። በመሥሪያ ቤት አማርኛ ይህ ማለት ለዘለዓለም ነው። ሰነድ ጠባቂዋ ሌላ ሰው ሳይነግራቸው ብላ ራሷ ነገረቻቸው።

ክቡር ምስክር ያን ቀን ከማንም ጋር አልተጣሉም። ከሰዓት በኋላ ወደ ጠረጴዛዋ መጡ።

«ልጄ፣ ዝርዝሩ የሚላከው ወደ ስንቅ ክፍል ነው» አሉ። «የከዳ ሰው ዳቦ ስለሚቀነስ።»

«ጋሼ፣ ይሄንን እንዴት አወቁ? ግንባር ላይ ያለ ሰው ይሄ በምን ይደርሰዋል?»

«ግንባር አልነበርኩም። የሻለቃው ጸሐፊ ነበርኩ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ቁልቁል እያዩ ነገሯት። የሃያ ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ጠረጴዛቸው ከወንዙ የሁለት ቀን መንገድ ወደ ኋላ ነበር። ቅጹ ሦስት አምድ ነበረው፦ ሞተ፣ ቆሰለ፣ ከዳ። «ሞተ» ብሎ ለመጻፍ ሁለት የዓይን ምስክር መፈረም ነበረበት፤ ከወንዙ ማዶ ደግሞ የሚፈርም ሰው አልተመለሰም። «አላውቅም» የሚባል አምድ አልነበረም። አዛዡ ባዶ መስመር እንዳይኖር፣ ዝርዝሩን የሚወስደው መኪና ሳይነሳ ይለቅ አለ። እሳቸውም ሦስተኛውን አምድ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሞሉ። በኋላ እንደሰሙት የሰዎቹ ቤተሰቦች ለቅሶ እንኳ አልተቀመጡም። ለከዳ ሰው ማን ያለቅሳል?

ሰነድ ጠባቂዋ ከማዘኗ በፊት ተናደደች። አሥራ አንድ ዓመት! «ጸሐፊ ነበርኩ» ብለው ቢሆን ኖሮ በአንድ ሳምንት ያልቅ ነበር። እሳቸው ግን «ነበርኩ» የምትለዋን ማዕረግ ላለማጣት ሲሉ እሷን በማይሆን ሳጥን ውስጥ ሲያንከራትቱ ኖሩ። የልቧን ልትነግራቸው አፏን ከፈተች፤ አሁንም እንዳቀረቀሩ አየቻቸውና ተወችው። ቁልፏን ይዛ ወደ ምድር ቤት ወረደች።

በአራተኛው ቀን በባቄላና በብስኩት ደረሰኞች መካከል አገኘችው። ያን የመሰለ የእጅ ጽሑፍ አይታ አታውቅም። ከዳ፣ ከዳ፣ ከዳ፤ እንደ ሠርግ ጥሪ ተውቦ እስከ ገጹ ግርጌ ይወርዳል።

ክቡር ምስክር ገጹን ብዙ ሰዓት አዩት። ከዚያ የማስተካከያ ወረቀት ጠየቁ። ሁለቱን ጥያቄ ቶሎ ጨረሱ፤ ሦስተኛው ላይ እርሳሱ ቆመ። በመጨረሻ እንዲህ ጻፉ፦ «አልነበርኩም። ከዳ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ምን እንደሆኑ ያኔም አላውቅም፣ ዛሬም አላውቅም።»

በደንቡ ከሄድን፣ አላየሁም የሚል ሰው ማስተካከያ ማኅተም አይደረግበትም። ሰነድ ጠባቂዋ ደንቡን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ማኅተሙን አነሳችና ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ ድረስ መታችው። በዚያው ቀን መዝገቡን ቁጥር ሰጥታ አሥራ ዘጠኙንም ስም ኮምፒውተር ላይ ጫነች።

ወር ሳይሞላ ስልሳውን ያለፈች አንዲት ሴት መጣች። የወንድሟን ስም የልጅ ልጇ ኮምፒውተር ላይ አግኝቶላት ነው። ሰነድ ጠባቂዋ መዝገቡን ዘርግታ ማስተካከያዋን ጮክ ብላ አነበበችላት። ሴትየዋ ድገሚው አለቻት፤ ደገመችላት።

«ይሄ ሰውዬ በሕይወት አለ?»

ሰነድ ጠባቂዋ አላውቅም ማለት ትችል ነበር፤ ደግሞም አስባው ነበር። ነገር ግን ክቡር ምስክር ሰምተው ኖሮ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሱ። እኔ ነኝ አሉ። ሴትየዋ ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸው።

«እናቴ በር ዘግታ ነው ያለቀሰችው» አለች። «ጎረቤት እንዳይሰማ።»

ክቡር ምስክር አንገታቸውን ደፉ። ሴትየዋ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠችና መዝገቡን ወደ እሳቸው ገፋችው።

«መነጽሬን አልያዝኩም። ስሙን ብቻ ያንብቡልኝ፤ ያቺን ቃል ይተዋት።»

ክቡር ምስክር የወንድሟን ስም ከነአባቱ፣ ከነአያቱ አነበቡ። እዚያ ላይ ያበቃሉ ሲባል፣ ጣታቸውን ወደ መጀመሪያው መስመር መልሰው ከላይ ጀመሩ፤ ስም ብቻ፣ አንድ በአንድ፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ ግን ክፍሉን እየሞላ። አንድ አንባቢ ተነስቶ መጣና፣ ይሄ እኮ የንባብ ክፍል ነው፣ ሽማግሌውን ዝም አሰኚልን አላት።

«ይጨርሱ» አለችው ሰነድ ጠባቂዋ፤ ዓይኗን ከመዝገቡ ሳታነሳ። «ገና አሥራ አንድ ሰው ይቀራቸዋል።»