ከመሪዋ ፊት የሚሄዱት

ሰው በመሪ በሚሄድበት ቦታ ሁሉ ከመሪው ፊት የሚሄድ አንድ ሰው አይጠፋም። ለጉብኝትም ይሁን ለቀብር፣ መንገዱን ባያውቀውም ይቀድማል። ቀድሞም ዝም አይል፤ ዞር ብሎ "ምነው ቀራችሁ?" ይላል።

ቅዳሜ ጠዋት በመናፈሻው ደን ውስጥ በሚደረገው የግጥም ጉዞ ይህን ሹመት የያዙት አንድ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ተጓዦቹ "ክቡር ቀዳሚ" ይሏቸዋል። መሪዋ የሥነ ጽሑፍ መምህርት የነበረች ሴት ናት። ሰዉን በዛፎቹ መሃል ታዞራለች፣ እየቆመች ግጥም ታነባለች፣ በመጨረሻም ከወደቀ ቅጠልና ከጠጠር መሬት ላይ ሥዕል ታሠራለች።

መምህርቷ ለማንም ያልነገረችው ነገር አለ። ዓይኗ እየጠፋ ነው። ሐኪሙ "ከዓመት አያልፍም" ካላት ስምንት ወር ሆኗል። ግጥሞቹን በቃሏ ታውቃቸዋለች፤ ወረቀቱን የምትይዘው ለይስሙላ ነው። መንገዱንም እግሯ ለምዶታል። የመናፈሻው ቢሮ ቢሰማ ጉዞውን ይነጥቃታል፤ ከጉዞው በቀር ደግሞ ከቤት የሚያስወጣት ነገር አልቀራትም።

ይህ ሁሉ ሳያንሳት ክቡር ቀዳሚ ተጨመሩባት። የኩሬውን ግጥም ስታሰማ ሰዉ ትንፋሹን ውጦ ኩሬው እስኪገለጥ ይጠብቃል። እሳቸው ከመታጠፊያው ብቅ ብለው፣ "ኩሬ ነው። ብዙም ውሃ የለውም" ይላሉ። ሥዕል ሲሠራ ሌላው ግማሽ ሰዓት ሲጨነቅ፣ እሳቸው ሦስት ቅጠል ጣል ጣል አድርገው "ጨረስኩ፤ እንንቀሳቀስ" ይላሉ። አንድ ቀን እንዲያውም አንዲት ነርስ በስንት ልፋት በሠራችው ወፍ ላይ ተራምደው አለፉ። ክንፉ በጫማቸው ተለጥፎ ሄደ።

"ጋሼ፣ እባክዎ ከኋላ ይሁኑልኝ" አለቻቸው መምህርቷ።

"መምህርት፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ጋቢና ነው የተቀመጥኩት። ከኋላ ስሆን ያጥወለውለኛል።"

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ሰማዩ ጠቆረ። ንፋስ የጣለው ግንድ መንገዱን ዘግቶ ስለነበር መምህርቷ ዙሪያውን ስትዞር አቅጣጫው ጠፋት። ቆመች። ከኋላ ያሉት ግጥም ልታነብ መስሏቸው ጸጥ አሉ፤ አንዱማ ዓይኑን ጨፍኖ ተዘጋጀ። እሷ ግን "በቃ፣ አለቀልኝ" አለች በሆዷ።

ክቡር ቀዳሚ ከፊት ተመልሰው መጡ። እሷን አዩ፤ ተዘቅዝቆ የተያዘውን ወረቀትም አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "መምህርት፣ ጉልበቴ ከዳኝ። ክንድዎን ይስጡኝ" አሉና ይዘዋት ሄዱ። ሰዉ ደጋፊዋ እሷ መሰለችው።

ሰኞ ለቢሮው የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገባች። ከዚያ በኋላ መጋረጃም አልከፈተችም፤ ለማን ብላ ትከፍታለች? አለቀሰች፣ ተኛች፣ ነቅታም አለቀሰች። በሦስተኛው ቅዳሜ ክቡር ቀዳሚ በሯን አንኳኩ።

"እኔ ከእንግዲህ መሪ አይደለሁም" አለቻቸው በሩን ሳትከፍት።

"እኔስ መቼ መሪ ሆኜ አውቃለሁ? ይልበሱና ይውጡ።"

አዲሷ መሪ ትሑት ልጅ ናት። "ከፊት ያላችሁት፣ እባካችሁ ጠብቁን" እያለች ትለምናለች። ከፊት ያሉት ሁለት ናቸው። መምህርቷ የክቡር ቀዳሚን እጅጌ ይዛ፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ መሪ ቀድማ ትሄዳለች።

"ከፊታችን ምን አለ?" አለች።

"ዛፍ።"

"ምን ዓይነት?"

"ትልቅ።"

እግዜር ያሳያችሁ፤ ከእንግዲህ ዓይኗ ይኸው ነው። ዓለምን ትልቅና ትንሽ ብሎ የሚጨርስ ሰው። ግን ያን በር ሌላ ማንም አላንኳኳውም፣ እጅጌያቸውንም መልቀቅ አልፈለገችም። እኚህን ሰው መውደዷ ራሱ አናደዳት።

"ጋሼ፣ እስኪ እንደገና ይዩልኝ።"

ክቡር ቀዳሚ ቆሙ። አዲሷ መሪ አለፈቻቸው፤ ሌሎቹም ተከትለዋት አለፉ። እሳቸው ወደ ግንዱ ጠጋ ብለው ጎንበስ አሉ።

"ቅርፊቱ ተሰንጥቋል" አሉ በመጨረሻ። "በስንጥቁ ጉንዳን ይወጣል። አንዷ የሆነ ነገር ተሸክማለች… ቆይ፣ ምን እንደሆነ ልየውና እነግርዎታለሁ።"

"አይቸኩሉ" አለቻቸው።