ሳላነብ ያስገባሁት የጋሼ ደምሴ ደብዳቤ

ዛሬ ፍርድ ቤት ውስጥ የገዛ ማስረጃዬ እኔኑ ከሰሰኝ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

አታምኑም። እኔም እዚያው ቆሜ እየሰማሁት አላመንኩም።

ለማታውቁኝ፦ የስምንት ዓመት ልጅ እናት ነኝ፤ ኬንት የምትባል ከተማ ነው የምንኖረው። ከአባቷ ከተለያየን ዓመት ሊሞላን ነው። እሱ ኤቨረት የምትባል ሌላ ከተማ ገባ፣ እኔ ስልኩን ብሎክ አደረግኩት፣ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ብሎክ አድርጌው ሲያበቃ «ድምፁ ጠፋ» ማለቴን እኔም አሁን ስጽፈው ነው ያስተዋልኩት። ሶ፣ ቻይልድ ሰፖርት፣ የልጅ ማሳደጊያ ማለት ነው፣ ይክፈል ብዬ አመለከትኩ። ቀጠሮው ዛሬ ነበር።

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ገጽ ላይ «ጠበቃ ለምኔ፣ ፎልደሬ ይናገራል» ብዬ ለጥፌ ስንታችሁ ናችሁ ላይክ ያደረጋችሁልኝ?

ፎልደሬማ ተናገረ።

ዝግጅቴን ላውራችሁ። የደመወዝ ወረቀት፣ የቤት ኪራይ ውል፣ ከትምህርት በኋላ የምትቆይበት የአፍተር ስኩል ደረሰኝ፣ የጥርስ ሐኪም ቢል፤ ሁሉም በየቀለሙ ተለይቶ ተደርድሯል። ከላይ ደግሞ የራሴ ቃል አለ፦ «አባቷ ከሄደ ጀምሮ ለልጁ አንድ ካልሲ እንኳን ገዝቶ አያውቅም።» ከሥሩ «ሐሰት ብናገር በሕግ እጠየቃለሁ» የሚለው ላይ ፊርማዬን ግጥም አደረግኩ። እውነት መስሎኝ ነዋ።

አንድ ነገር ብቻ ጎደለኝ። ምስክር።

ምስክር ከተባለ ደግሞ ከጋሼ ደምሴ በላይ ማን አለ? ሽማግሌ ሆነው ወላጆቼ ዘንድ ሄደው ያጋቡን እሳቸው ናቸው። ስንጣላ ያስታረቁን፣ በመጨረሻም ማስታረቁ ሲያቅታቸው እንባቸውን የጠረጉት እሳቸው ናቸው። ከተለያየን በኋላም ለልጄ ያልሆኑት ነገር የለም። ብርድ ሲገባ ጃኬት ይዘውላት መጡ። የዋና ትምህርት አስመዘገቧት። ላፕቶፕ ሳይቀር! እኔ ጉልበታቸውን ስሜ «አባቷ ያላደረገውን ያደረጉ፣ እድሜ ይስጥልኝ» እላለሁ። እሳቸው መሬት መሬት እያዩ «ተይ እንጂ ልጄ» ይሉኛል።

ትሕትና መስሎኝ።

«ጋሼ፣ ስለ እኛ የሚያውቁትን ይጻፉልኝ» አልኳቸው። በሳምንቱ ወፈር ያለ የታሸገ ፖስታ ሰጡኝ።

አሁን እናንተ ፍረዱኝ። የሽማግሌ ፖስታ ቀድዳችሁ «እስቲ ምን ብለው ጻፉ» ትላላችሁ? እኔ እንደዚያ ተደርጌ አላደግኩም። እንደታሸገ ሬኒየር ቫሊ የሚባል ሰፈር ያለ ተርጓሚ ጋ ወሰድኩት። ተርጉሞ፣ ማኅተሙን መትቶ በኢሜል ላከልኝ። የመጀመሪያዋን መስመር አየኋት፤ «ይህችን ልጅ እንደ አብራኬ ክፋይ አያታለሁ» ትላለች። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ቀሪውን ሳላነብ ለፍርድ ቤቱ አፕሎድ አደረግኩት።

ሳላነብ። ደረሰኝ በቀለም የምለየዋ ሴትዮ!

ዛሬ አባቷ ፍርድ ቤት አልመጣም። ከሥራ መቅረት አልቻልኩም ብሎ አንዲት ገጽ መልስ ልኳል። ዳኛዋ መጀመሪያ የሱን አነበበችው። «የጠየቀችው ሁሉ ይሰጣት፤ ክርክር የለኝም» ይላል። በቃ። ስለ እኔ አንድ ክፉ ቃል የለበትም። እኔ ደስ አለኝ፤ አሸነፍኩ አልኩ በሆዴ።

ከዚያ ዳኛዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። «ይህን የምስክር ደብዳቤ አንብበሽዋል?»

«የስ፣ ዩር ኦነር።» ይቺንም ውሸት መዝግቡልኝ።

«እንግዲያው ሦስተኛውን ገጽ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ።»

ቆምኩና ማንበብ ጀመርኩ። ጃኬቱን የገዛው አባቷ ነው። የዋናውን የከፈለው አባቷ ነው። ላፕቶፑም የሱ ነው። ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ «እናቷ ከእሱ እጅ የመጣ ነገር ቤቴ አይገባም ስላለች፣ በእርስዎ ስም ያድርሱልኝ ብሎ ለመነኝ። እኔም ለልጅቷ ብዬ ደበቅኩ። መስክር ከተባልኩ ግን አልዋሽም፤ ፈጣሪ ያያል።»

ደግሜ አየሁት፤ ያው ነው።

ከእሱ እጅ የመጣ ነገር ቤቴ አይገባም ብያለሁ፤ አልክድም። ያልኩት ግን ተናድጄ፣ ለጋሼ ብቻ ነበር። ለካ ስንት ወር ሙሉ በአንድ ጃኬት አንዱን ስመርቅ ሌላውን ስረግም ኖሬያለሁ። እሱ ደግሞ ይህን ሁሉ ጽፎ ራሱን መከላከል ሲችል ዝም አለ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ፤ የፍርድ ቤት ምንጣፍ ግን አይከፈትም።

ዳኛዋ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «የልጅቷ መብት የትም አይሄድም፤ ውሳኔውን እሰጣለሁ» አለች። «መጀመሪያ ግን በፊርማሽ ያስገባሽውን ቃል አስተካክለሽ አምጪ። የገዛላትን ሁሉ ከአባቷ ጋር ተነጋግራችሁ አብራችሁ ጻፉ። ሁለት ሳምንት ሰጥቼሻለሁ።»

ከአባቷ ጋር። አብራችሁ።

ፓርኪንግ ሎት ውስጥ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ጋሼ ጋ ደወልኩ። «ምነው ጋሼ፣ ምናለ ቢነግሩኝ?»

«ነግሬሽ የለ እንዴ! ፖስታውን የሰጠሁት ላንቺ ነው። አንብበሽ መጥተሽ ትቆጪኛለሽ ብዬ ስንት ቀን በር በር ሳይ ከረምኩ። ምነው አልከፈትሽውም?»

«አክብሬዎት ነዋ!»

«ደብዳቤዬ ካልተነበበ ታዲያ ምኑን ተከበርኩ፣ ልጄ?»

ስልኩን ዘግቼ እዚያው መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። አፍሬ ነው። ሌላ ስም የለውም።

ከዚያ አባቷን ከብሎክ አወጣሁት። በራሴ ላይ የሚመሰክር ዝርዝር ለማግኘት የቀድሞ ባሌን ደጅ ልጠና ማለት ነው። ንግግሬን ተለማመድኩ፤ ኮራ ያለ፣ አጠር ያለ። ደወልኩ።

አንዴ እንደጠራ አነሳው። ሄሎም አላለም።

«ልጄ ምን ሆነች?»

የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ። «እሷ ደህና ናት» አልኩት። «የሆንኩትስ እኔ ነኝ።»

«ሥራ ላይ ነኝ፣ ስወጣ እደውላለሁ» አለኝ።

ከሥራ ሊወጣ አንድ ሰዓት ቀርቶታል። እናንተዬ፣ ከሳሽ ሆኜ እንጂ ይቅርታ ጠያቂ ሆኜ አላውቅም፤ እንዴት ነው የሚጀመረው?