አንድ ሌሊት ሆቴል አድረን ደጀኔን የገደልን ጊዜ

ወገኖቼ፣ በዚህ ዕድሜዬ ሆቴል ውስጥ ተያዝኩ!

ቆይ፣ አትሳቁ። ሰባ ሊሞላኝ ነው። ከጉልበት ቅባት በቀር አልጋዬ ላይ ማንም የለም።

የሆነው እንዲህ ነው። ትናንት ማታ ከአዲስ አበባ መቱ ገባሁ። ልጄ በስልኳ ሆቴል ቡክ አድርጋልኛለች። ክፍሉ ደስ ይላል፣ ሻወሩ ይሠራል፣ ዋይፋዩም ካልዘነበ ይሠራል። (ኢሉባቦር ውስጥ "ካልዘነበ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል።) ዛሬ ጠዋት በረንዳው ላይ ቆሜ ጉም የለበሰውን ጫካ ፎቶ አነሳሁና "መቱዬ!" ብዬ ፖስት አደረግኩ። ልብም ጨመርኩበት።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ደጀኔ ነው፣ የአክስቴ ልጅ። እዚሁ መቱ ነው የሚኖረው። መምጣቴን አልነገርኩትም ነበር።

ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

"አንቺ! የማንን መርዶ ይዘሽ ነው የመጣሽው?"

ስልኩን እንደያዝኩ አልጋው ላይ ዘጭ አልኩ። ሳቅም እፍረትም አንድ ላይ መጡብኝ።

ይህ ጥያቄ በኛ ቤተሰብ ታሪክ አለው። ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱኝ።

ጊዜው የጃንሆይ ጊዜ ነው። አባዬ መቱ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ቤታችን ደግሞ፣ ምን ልበላችሁ፣ ቤት አልነበረም። መናኸሪያ ነበር።

ከኖፓ ለክስ የመጣ ዘመድ እኛ ጋ ያድራል። ከዳሪሙ ቡና ሊሸጥ የመጣ እኛ ጋ ያድራል። የዘመድ ዘመድ፣ የዘመዱ በቅሎ ጭምር እኛ ጋ ታድራለች። አባዬ "ግቡ! ግቡ!" ይላል። ግቡ ማለት ቀላል ነው። ተነስታ እሳት የምታነደው፣ እግር የምታጥበው፣ የራሷን ፍራሽ ለእንግዳ አንጥፋ እኛ ሥር የምትጠቀለለው እማዬ ናት።

አንድ ቀን እንግዶቹ ሁሉ ወጥተው ቤቱ ጭር ሲል አባዬ ሆዱ ራራ። ለፋሲካ ምን ልግዛልሽ አላት። ቀሚስ? ነጠላ? ጫማ?

እማዬ ብዙ አላሰበችም።

"ሆቴል" አለች።

አባዬ የሚገዛ መስሎት ደነገጠ። በኋላ ነው የገባው። አንድ ሌሊት ሆቴል ማደር፣ ሌላ ሰው ያነጠፈው አልጋ ላይ መተኛት አምሯት ኖሯል። እናቴ በሕይወቷ የለመነችው ይህንኑ ብቻ ነው።

መቱ ውስጥ እንዳናድር "ባልና ሚስት ተጣልተው ከቤት ወጡ" ይባላል። ስለዚህ ጎሬ ተመረጠ። ጎሬ ተራራው ላይ ናት፣ ነፋሻማ ናት፣ ያኔ ደግሞ የሽቦ አልጋና ነጭ አንሶላ ያለው ደህና ሆቴል ነበራት።

አንድ ችግር ብቻ ነበር።

አዳዳ የሺ!

አዳዳ በኛ አገር የአባት እህት ናት። አዳዳ የሺ የአባዬ ታላቅ እህት፣ የጎሬ ነዋሪ፣ የደጀኔ እናት። እሷ ከተማው ውስጥ እያለች ሆቴል ማደር ማለት ፊቷን በጥፊ ማለት ነው። እሷ ቤት ካደርን ደግሞ እማዬ ተነስታ ወጥ ልትሠራ ነው። አባዬ ዘዴ ዘየደ። ማታ ሆቴል ተደብቀን እናድራለን፣ ጠዋት አሁን ከመኪና የወረድን መስለን እሷ ቤት እንሄዳለን።

የፍርድ ቤት ሰው ዘዴ! አይገርማችሁም?

ቡና በጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ ተጣበን ጎሬ ገባን። የመኪናው ጭስ የእማዬን ዓይን በርበሬ አስመስሎታል። ማንም እንዳያውቃት ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች። አባዬ ጥቁር ካፖርቱን ለብሶ፣ ጃንጥላውን ዝቅ አድርጎ ከፊት ከፊት ይሄዳል። እኔና ታናሽ ወንድሜ ድምፃችን እንዳይሰማ ተገሥጸን ከኋላ እንከተላለን።

የሆቴሉ ባለቤት ወይዘሮ ብርቄ በረንዳ ላይ ተቀበሉን። እንደ አገሩ ደንብ መጀመሪያ የጠየቁት "የማን ልጅ ነህ?" ብለው ነው።

አባዬ እህቱን ሊደብቅ ይችላል። አባቱን ግን አይደብቅም! ደረቱን ነፍቶ እስከ ቅድመ አያቱ ድረስ ዘረዘረላቸው።

"እንዴ! የየሺ ወንድም ነህ?" አሉ ወይዘሮ ብርቄ።

አባዬ ዙሪያውን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ነኝ እትዬ። አደራዎን፣ እዚህ መሆናችንን እንዳትሰማ። ነገ ማለዳ ራሴ እሄድላታለሁ።"

እስኪ ይህን ንግግር እንደ ወይዘሮ ብርቄ ሆናችሁ ስሙት።

ጥቁር ካፖርት። ዓይኗ የቀላ፣ የተከናነበች ሴት። ድምፃቸው የጠፋ ልጆች። እህቱን ትቶ ሆቴል የተደበቀ ወንድም። ነገ ማለዳ እሄድላታለሁ!

መርዶ ነጋሪ ነው እንጂ ሌላ ማን እንዲህ ያደርጋል? ለቅሶው ሌሊት እንዳይሆን ሌላ ቤት ተደብቆ ያድራል፣ ሲነጋ ከሽማግሌ ጋር ሄዶ ያረዳል። የአዳዳ የሺ አንድ ልጅ ደጀኔ ደግሞ ያን ጊዜ ሩቅ ድንበር ላይ ወታደር ነበር።

ወይዘሮ ብርቄ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። አንዲት ቃል አልጠየቁም። መርዶ ይዞ የመጣ ሰው አይጠየቅማ!

እኛ ምኑንም አላወቅንም። እኛ የምናውቀው ይህ ሆቴል የተባለ ነገር ገነት መሆኑን ነው።

ለእማዬ ሞቅ ያለ ውኃ በሳፋ መጣላት። ወይዘሮ ብርቄ ራሳቸው ዝቅ ብለው እግሯን አጠቧት። ፓስታ በስጎ መጣ። እማዬ ትንሽ ቀማምሳ ስትተው አጠገቧ ተቀምጠው "ያዝ አድርጊ የኔ እናት፣ ለነገ ጉልበት ያስፈልግሻል" እያሉ አጎረሷት። ጀርባዋን አሻሿት። "አይዞሽ፣ ብዙ ችለሻል" አሏት።

እማዬ ይህን ጊዜ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ስንት ዓመት ያ ሁሉ ሰው በቤቷ ሲወጣ ሲገባ "ብዙ ችለሻል" ያላት አልነበረማ።

ወይዘሮ ብርቄም አብረዋት አለቀሱ። አለቀ፣ ነገሩ ተረጋገጠ!

ሴትዮዋ ሲወጡ እማዬ አንሶላውን በመዳፏ እየዳሰሰች "ሆቴል ማለት እንዲህ ነው እንዴ? ልፋቴን እኮ ከፊቴ ላይ አነበቡት" አለች። አባዬ ሆቴሉን የሠራው እሱ ይመስል ፈገግ አለ።

ተኛን። እማዬ ጫማዋን አውልቃ ነጩ አንሶላ ውስጥ ስትገባ ያወጣችው ትንፋሽ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ገና በደንብ ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ።

እማዬ ከአልጋዋ ዘላ "መጣሁ!" አለች። ለካ ልማድ ሆቴል መሆኑን አያውቅም። አባዬ ግን ቀድሟት በሩን ከፈተ። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች በረንዳውን ሞልተውታል።

አባዬ ደነገጠ። አዳዳ የሺ ሰምታ ሽማግሌ የላከችበት መሰለው! በእህቱ ላይ ለሠራው ነውር ሊገሥጹት የመጡ!

ከፊት የቆሙት አረጋዊ ጋሼ ዲንሳ ይባላሉ። ትከሻውን ያዝ አደረጉት።

"ጀባዹ፣ በርታ ልጄ። ብቻህን አትችለውም ብለን ነው የመጣነው። በል ተነስ፣ እንሂድላት።"

አባዬ አንገቱን ደፋ። "እናንተን ማድከሜ አሳፈረኝ ጋሼ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"የማንም ጥፋት አይደለም። የፈጣሪ ፈቃድ ነው።"

"እንዴት ያሉ ትልቅ ሰው ናቸው!" አለን አባዬ ካፖርቱን እየለበሰ። እኔም በልጅ አእምሮዬ ሆቴል ማደር የፈጣሪ ፈቃድ መሆኑን ሰምቼ ደስ አለኝ።

ወጣን። ከየቤቱ ሰው እየወጣ ይከተለናል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እማዬ ወደኋላ ዞር ብላ አይታ "ይህ ሁሉ ሰው ለኛ ነው?" አለች።

አዳዳ የሺ ላሟን ልታልብ ማለቢያዋን ይዛ ከበሩ ስትወጣ ደረስን።

ወንድሟን አየችው። ጋሼ ዲንሳን አየቻቸው። የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየች።

ማለቢያው ከእጇ ወደቀ።

አልጮኸችም። እሱ ነው የከፋው። ቀስ ብላ "ደጀኔ ነው?" አለች።

አባዬ አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ ነው የገባው። ድምፅ ግን ከየት ይምጣ! ጸሐፊው፣ ሕግ አዋቂው፣ ዲዳ ሆነ። እሷ ዝምታውን እንደ መልስ ወሰደችው። ከኋላችን አንዷ ሴት "ወዮ!" ብላ ጀመረች።

ይህን ጊዜ እናቴ፣ በሽማግሌ ፊት ቀና ብላ የማታውቀው እናቴ፣ ነጠላዋን ገፍፋ ጮኸች።

"ማንም አልሞተም! ሆቴል አድረን ነው!"

ሰው ሁሉ ወደ እማዬ ዞረ።

"በማርያም፣ ደጀኔ ደህና ነው! ማንም አልሞተም አዳዳ! ሆቴል አድረን ነው!"

አዳዳ የሺ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሳቀች፣ አለቀሰች፣ መሬቱን ሳመች። አባዬን አንገቱን አንቃ ሳመችው። ከዚያ እጇ አንገቱ ላይ እንዳለ ቆም አለች።

"ምን አላችሁ? ሆቴል?"

ወገኖቼ፣ መርዶው ይሻል ነበር!

"እኔ በቁሜ? እኔ እዚሁ እያለሁ ሆቴል? ቤቴ ምን ሆነ? ትኋን አለው? ወይስ ሹመቱ ነው?" አባዬ በየጥያቄው አንድ እርምጃ ወደኋላ ይላል። የከተማው ሰው ሁሉ ያያል። እኔ እማዬ ቀሚስ ውስጥ ተደብቄያለሁ።

"እሱን ተዪው" አለች እማዬ። "እኔ ነኝ የለመንኩት።"

አዳዳ የሺ ዞረችባት።

"ሰው ጠልቼ አይደለም አዳዳ። ሲንኳኳ የማልነሳበት አንድ ሌሊት አማረኝ። ደከመኝ።"

እማዬ "ደከመኝ" ስትል የሰማሁት ያን ቀን ነው። ሊያለቅሱ የመጡት ሴቶች ሁሉ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። አዳዳ የሺም መቱ በመጣች ቁጥር እኛ ጋ ሳምንት ትሰነብት ነበር።

"እኔ ስመጣም ትነሺ ነበር" አለች ቀስ ብላ።

"እነሳ ነበር።"

አዳዳ የሺ የእማዬን እጅ ይዛ ወደ ጓዳ አስገባቻት፣ የራሷ አልጋ ላይ አጋደመቻት፣ ጋቢ ደረበችባት።

"ተኚ" አለቻት። "የሚጠራሽ ካለ ከኔ ጋር ነው።"

ከዚያ ወጥታ እጅጌዋን ሰበሰበች። ዕድሩ ድስቱንና ብርጭቆውን አምጥቷል፣ ሰው ግቢውን ሞልቷል፣ ባዶ ሆድ አይሸኝም። "አንተ!" አለች አባዬን። "ና ጠላ ቅዳ!"

የመቱ ፍርድ ቤት ጸሐፊ በጥቁር ካፖርቱ ላይ ፎጣ አንግቶ፣ በሕይወት ላለ ሰው ሊያለቅሱ ለመጡ እንግዶች እስከ ከሰዓት ጠላ ሲቀዳ ዋለ። ጋሼ ዲንሳ ብርጭቆ በዘረጉ ቁጥር "የፈጣሪ ፈቃድ ነው" እያሉ ይስቁበታል።

እማዬ የነቃችው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። እግሯ ሥር ተቀምጬ ነበር።

"ማንም አልጠራኝም?" አለችኝ።

"ማንም።"

አቅፋኝ አለቀሰች። ያኔ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

እና ደጀኔ ዛሬ በስልክ መርዶ ብሎ የጠየቀኝ ለዚህ ነው። ከወታደር ቤት በሰላም ተመልሶ፣ አግብቶ፣ ወልዶ፣ መቱ ቤት ሠርቷል። ቤቱ ደግሞ እንደ ድሮው ቤታችን ነው፣ እንግዳ አይለየውም። እኔም ሚስቱን ጫልቱን ላለማስቸገር ብዬ ነበር ሆቴል የገባሁት። እውነቴን ነው!

ሁለቱም ተያይዘው መጡ። ደጀኔ ሪሴፕሽን ላይ ቆሞ "እኔ በቁሜ!" ሲል ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። አፈርኩ። "እሺ፣ ሻንጣዬን ላምጣ" አልኩ።

ጫልቱ ተከትላኝ ወጣች። ክፍሉን አየች። አልጋውን በመዳፏ ጫን አደረገችው።

"እዚህ ማንም አያንኳኳም?" አለችኝ።

ያ እጅ! ያ አንሶላ ላይ የተዘረጋ መዳፍ! በሩ ላይ የሚንጠለጠለውን "አትረብሹኝ" የሚለውን ካርድ አሳየኋት። ጫማዋን አወለቀች።

ለደጀኔ ምን እንዳልኩት አትጠይቁኝ። ብቻ ሁለት ቀን ከፍዬበታለሁ፣ ተኝታበታለች።

እኔ አሁን ይህን የምጽፍላችሁ ከጫልቱ ማድ ቤት ነው። ከዳሪሙ እንግዶች መጥተዋል፣ ደጀኔ ሳሎን ውስጥ "ግቡ! ግቡ!" እያለ ነው፣ ሽንኩርት እየላጥኩ ነው። ዓይኔ በርበሬ መስሏል። ለመዝናናት መጥቶ እንዲህ የሆነ ሰው ከኔ ሌላ አለ? ካለ ኮመንት ላይ ያጽናናኝ!

አንድ ነገር ብቻ። ጫልቱን የምታውቋት ሰዎች፣ እባካችሁ፣ እስክትነሳ ድረስ አትደውሉላት።