ሻጋታዎች የሸለሙኝ ካባ

ትናንት እሑድ ምሳዬን ጥግብ ብዬ በልቼ ጋደም ባልኩበት ሕልም አየሁ። ከሕልሙ በፊት ግን አንድ ነገር ልናገር። ልጄ ናርዶስ አስም አለባት። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ሕመሙ አልለቀቃትም። እዚህ ደብረ ብርሃን በር ከተከፈተ ብርዱ ሳይጋበዝ ይገባልና፣ ቅዳሜ ዕለት የመኝታ ቤቱን መስኮት በአራት ሚስማር መታሁት። ጥጉ ላይ የጠቆረውን ግድግዳም ቀለም ቀባሁት። አባት ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል?

በሕልሜ ሻጋታዎች ሶፋችን ላይ ተቀምጠው ምሳ ይበላሉ። እኔና ባለቤቴ ዘውድነሽ ደግሞ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ግድግዳው ላይ በቅለናል። ናርዶስን አላየኋትም። የቤቱ እመቤት ግራጫ፣ ወፍራም ሻጋታ ነበረች። በእርጥብ ጨርቅ ፊቴን እየፈተገች «ይሄ ሰው ደግሞ ባጠብኩት ቁጥር ይበቅላል» ትላለች።

«ይቅርታ እሜቴ» አልኳት።

«ምን ይደረግ፣ ውለታህ አለብን» አለችና ከግድግዳው ላጥ አድርጋ አወረደችኝ። «ልጄ ታሞብኛል። ሐኪም ቤት አድርሰኝ።»

ልጇን አቅፌ ወጣን። ዝናቡ ከመሬት ወደ ሰማይ ይዘንባል። ሰው ሁሉ ጃንጥላውን ገልብጦ እላዩ ላይ ቆሞ ይሄዳል። ሐኪም ቤቱ ስንደርስ ሐኪሞቹ ካርዳቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። በሽተኞቹ ወንበር ላይ እግራቸውን አነባብረው «ቀጣይ ሐኪም!» እያሉ ይጣራሉ። የኛ ተራ ሲደርስ አንድ ሽማግሌ ሻጋታ አጎንብሶ ገባ። ልጁን ትቶ ማዳመጫውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ።

«ደርቋል» አለ ራሱን እየነቀነቀ። «ነፋስ ነክቶታል?»

እናትየው አለቀሰች። «አንድ ቀን ዘውድነሽ የምትባል ሰው መስኮት ከፍታበት ነው።»

«ነፋስማ ገዳይ ነው። ፀሐይም እንዳታየው። መስኮቱ ይዘጋ። የታጠበ ልብስ ቤት ውስጥ ይሰጣ። ቁም ሣጥኑ ከግድግዳው ጋር ይጣበቅ። የሚያፈሰውን ቆርቆሮ ማንም እንዳይነካ። ጥጉ የጠቆረ እንደሆነ ሳይታጠብ ቀለም ይቀባ።»

«ይህን ሁሉ ማን ያደርግልኛል ዶክተር?»

ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ እኔን አየ። «አቶ ደምሰው እያሉ?»

ወዲያው አዳራሽ ውስጥ ነበርን። ሻጋታዎች ከወለሉ እስከ ኮርኒሱ ሞልተዋል። እመቤቲቱ ጠጉራም፣ አረንጓዴ ካባ ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ። ካባው ርጥብ ነበር። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ፤ በዕድሜዬ ካባ የሸለመኝ ሰው የለም። ጭብጨባው ቋ! ቋ! ቋ! ይላል።

«እንዳንተ ያለ አባት ከየት ይገኛል!» አለኝ ሽማግሌው።

ጉሮሮዬን ጠርጌ ንግግር ልጀምር ስል ከኋላ ቀጭን ዋሽንት ተሰማኝ። ከፍ ይልና ይቆማል፣ ደግሞ ይነሳል።

«የሚነፋው ማነው?» አልኩ።

«ልጅህ ናት እንጂ! ለክብርህ ብላ ነው» አሉ።

ካባውን ጥዬ ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። ሚስማሮቹ ክንድ ያክላሉ። ብጎትት ብጎትት እጄ ተላጠ እንጂ አልተነቃነቁም። ሻጋታዎቹ አልተቆጡም። «ምን ነካህ ደምሰው፣ አንተው አይደለህ የመታኸው?» አሉኝ በትሕትና።

ነቃሁ። ዋሽንቱ ግን አልቆመም።

ናርዶስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ጉልበቷን ይዛ፣ ትከሻዋን ከፍ ዝቅ እያደረገች ትተነፍሳለች። ደረቷ ያፏጫል። ዘውድነሽ በአፏ የምትስበውን መድኃኒት ይዛላታለች። ከራሳቸው በላይ እኔ በወጠርኩት ገመድ ላይ እርጥብ ልብስ ተንጠልጥሏል። ከአዲሱ ቀለም ሥር ጥቁሩ ነጥብ በነጥብ ተመልሶ ወጥቷል። አፈርኩ። ሐኪሟ ባለፈው «ቤቱን አናፍሱ» ስትለኝ ራሴን ነቅንቄ ወጥቼ፣ ሚስማር የገዛሁት እኔው ነኝ።

ቋ! ቋ! የሚለው ጭብጨባም አልቆመም። ከግድግዳው ማዶ ነው የሚመጣው።

«መዶሻው የት ነው? ሚስማሩን ልንቀለው» አልኳት ዘውድነሽን።

«ጎረቤቶቻችን እነ ማንደፍሮ ተዋሱት» አለች። «ያንተን አይተው የነሱንም መስኮት ሊመቱ። ‹እንደ ደምሰው ያለ አባት› ብለው አመስግነውህ ነው የሄዱት።»

ቢላ አንስቼ የመጀመሪያው ሚስማር ሥር ሰነቀርኩ። ናርዶስ ትንፋሿን ስትሰበስብ ቆየችና ወደ ግድግዳው አየች።

«አባዬ» አለችኝ፣ «የነሱም ልጅ ታመመ እንዴ?»

«ገና ነው» አልኳት።