ከመክፈት የማያልፈው ተጫዋች

«ሽማግሌ ትልካለህ ወይስ አትልክም?»

«ቆይ ትርንጎ፣ መጀመሪያ ይሄ ጌም ይከፈት።»

ትርንጎ የጓደኛዬ የደሴ ፍቅረኛ ናት። ከአዲስ ቅዳም እንጅባራ ድረስ የመጣችው፣ አባቷ ነገ የሌላ ሰው ሽማግሌ ሊቀበሉ ስለሆነ ነው። ደሴ ግን ዓይኑን ከእጁ የጌም ማጫወቻ አልነቀለም።

እንዲህ ያለ ሰው እናንተስ አላጋጠማችሁም? ሚሞሪ ካርዱን እስከ አፍ ገደፉ በጌም ያስሞላል፤ አንዱንም አይጫወትም። ኳሱን ይከፍትና ቡድኖቹ ሜዳ ሳይገቡ ይወጣል። የመኪና እሽቅድምድሙን ይከፍትና ሞተሩ ሳይነሳ ይወጣል። ለምን? ቀጣዩ ይሻል ይሆናላ! አንዱን ይዞ መጨረስማ ለእሱ እስር ቤት መግባት ነው።

«ኧረ መልስላት!» አልኩት።

«ምን አስቸኮላችሁ? ካርዱ እኮ ቀርፋፋ ነው» አለና የተከፈተውን ዘግቶ ሌላ መክፈት ጀመረ።

ትርንጎ ጎንበስ ብላ ስክሪኑን አየች። «ደስዬ፣ የኔ ተራ ከስንተኛው ጌም በኋላ ነው?»

ደሴ መቼም ክፉ ሰው አይደለም፤ ጥያቄውን ከልቡ አሰበበት። ማሰቡ ነው ያጠፋው።

«በቃ፣ ለአባቴ እሺ እላቸዋለሁ» ብላ ወጣች። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።